ቀዩን ቁጥር የሚፈሩ ጦማሪዎች

ዎርድፕሬስ በሚባለው የብሎግ መሥሪያ ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ሁሉ ያቺን ትንሽ ቀይ ክብ ያውቃታል። ዳሽቦርዱ ላይ፣ «ፕለጊን» ከሚለው ቃል አጠገብ ነው ቦታዋ። (ፕለጊን ማለት ብሎጉ ላይ ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም ነው።) ውስጧ ቁጥር አለ። 3፣ 9፣ አንዳንዴም 17። አፕዴት ለመደረግ ተራ የያዙ ነገሮች ብዛት ነው። ጦማሪው ይገባል፣ ጽሑፉን ይለጥፋል፣ ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ይልካል፣ ይወጣል። ክቧን አይቷታል። አይነካትም።

ለምን እንደማይነኳት የማውቃቸውን ጦማሪዎች ስጠይቅ መልሱ ሁሌም አንድ ነው። «እየሠራ ያለን ነገር ለምን እነካለሁ? ቢበላሽስ?» አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ቀምሰውታል። ከዓመታት በፊት «አፕዴት» የሚለውን ተጫኑና ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። ወይም ለፍተው የመረጡት የአማርኛ ፎንት ጠፋ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልነካሁም። አንድ ቀን ጠዋት አንድ አንባቢዬ «ጋሼ፣ ብሎግዎን ጉግል ላይ ስፈልግ የመድኃኒት ማስታወቂያ ነው የሚመጣው» ብሎ ጻፈልኝ። ከፍቼ አየሁት። ምንም የለም፤ ጽሑፎቼ በየቦታቸው አሉ። ጉግል ላይ ስፈልገው ግን ልጁ እውነቱን ነው። በብሎጌ ስም ሥር፣ በማላውቃቸው ቋንቋዎች የተጻፉ፣ ቆጥሬ የማልጨርሳቸው ገጾች ተደርድረዋል። ሰርጎ የገባው አካል ለእኔ የሚያሳየው ሌላ፣ ለጉግል የሚያሳየው ሌላ ነበር። የገባው ደግሞ በአንድ የመልእክት መቀበያ ፎርም ፕለጊን በኩል ነው። ቀዳዳው ከታወቀና ከተደፈነ 14 ወር አልፎታል። መድፈኛው ያቺ ቀይ ክብ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

ፍርሃታችን ከሜዳ የመጣ አይደለም። እንዲያውም እንደማሳየው በቂ ምክንያት አለው። የምንፈራው ግን የተሳሳተውን ነገር ይመስለኛል።

አፕዴት ራሱ አዋጅ ነው

ዎርድፕሬስ የወጣው በግንቦት 2003 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ሶፍትዌሩ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም።) ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ ሠሪው የተወውን ቢ2 የሚባል የብሎግ ሶፍትዌር አንስተው ቀጠሉት። በዓመቱ፣ ያኔ ገናና የነበረው ሌላ የብሎግ ሶፍትዌር፣ ሙቨብል ታይፕ፣ የፈቃድ ደንቡንና ዋጋውን ሲቀይር ብዙ ጦማሪ ተቆጥቶ ወደ ዎርድፕሬስ ጎረፈ። ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእሱ ላይ ነው የቆሙት።

ይሄ ለሌባ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንድ ቁልፍ ቢያገኝ ስንት በር ይከፍትለታል?

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ቀዳዳ ያገኛል። ለሠሪዎቹ በጓዳ ይነግራቸዋል። እነሱ ደፍነው አዲስ ስሪት ያወጣሉ። የዎርድፕሬስ ኮድ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። አሮጌውንና አዲሱን ስሪት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው፣ የተቀየረችውን መስመር አይቶ ቀዳዳው የት እንደነበረ ይደርስበታል። ስለዚህ አፕዴት ሲወጣ አብሮት አዋጅ ይነገራል። «ይህን ያላደረገ ሁሉ በዚህ በኩል በሩ ክፍት ነው» እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየበሩ የሚዞረው ሰው ሳይሆን ሮቦት፣ ማለትም ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሮቦቱ አማርኛ አያነብም። አርባ አንባቢ ይኑራችሁ አራት መቶ ሺህ ግድ የለውም። «የእኔን ብሎግ ማን ይፈልገዋል?» የምንለው መጽናኛ እዚህ ላይ አይሠራም። ማንም አልፈለገውም። ሳይደፈን የተገኘ በር ሁሉ ይገፋል፣ በቃ።

የ2017ቱን ታሪክ እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። በጥር መጨረሻ 4.7.2 የሚባል ስሪት ወጣ። ሠሪዎቹ ከደፈኗቸው ቀዳዳዎች መካከል አንዱን ሆን ብለው ለአንድ ሳምንት ያህል አልተናገሩትም። ሰው አፕዴት የሚያደርግበት ጊዜ እንዲያገኝ ነው። ቀዳዳው ከባድ ነበር። ያለ ይለፍ ቃል፣ ከውጭ ሆኖ፣ የማንንም ጽሑፍ መቀየር ያስችላል። በየካቲት መጀመሪያ ነገሩ ይፋ ሲሆን ሮቦቶቹ ተለቀቁ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጾች ተበላሹ። ጽሑፉ ይጠፋና በቦታው «በእገሌ ሀክ ተደርጓል» የሚል ይመጣል።

የሚገርመው እነማን እንደተረፉ ነው። ዎርድፕሬስ ከ2013 ጀምሮ፣ ማለትም ከ3.7 ስሪት ወዲህ፣ ትንንሽ የደኅንነት አፕዴቶችን ራሱ በራሱ ያደርጋል። ይህን አሠራር ያልዘጋ ሰው ተኝቶ ሳለ በሩ ተዘግቶለታል። የተጎዱት በአብዛኛው አሠራሩን የዘጉ ወይም ሰርቨራቸው (ብሎጉ የተቀመጠበት ኮምፒዩተር) እንዲሠራ ያልፈቀደላቸው ናቸው። ተጠንቅቀው «እኔ ራሴ አይቼ አደርገዋለሁ» ያሉ ሰዎች ሁሉ አሉበት። አይተው አላደረጉትም። እኛ እንደምናውቀው፣ ነገ የሚባል ቀን ረጅም ነው።

ዋናው ዎርድፕሬስ ዛሬ በደንብ የተጠበቀ ነው። ችግሩ ያለው ፕለጊኖቹ ላይ ነው። አንዱን ኩባንያ ሠርቶታል፣ ሌላውን አንድ ተማሪ በትርፍ ጊዜው ሠርቶ ከሁለት ዓመት በፊት ትቶታል። ከውጭ ሲታዩ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። በኅዳር 2024 ከአራት ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች ላይ የተጫነ ሪሊ ሲምፕል ሴኩሪቲ የሚባል ፕለጊን ከባድ ቀዳዳ ተገኘበት። የይለፍ ቃል ሳያውቁ በአስተዳዳሪው ስም መግባት ያስችላል። ፕለጊኑ ደግሞ የደኅንነት ፕለጊን ነው። ቀዳዳው የሚከፈተውም ተጠቃሚው ተጨማሪ ጥበቃ ብሎ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ሲያበራ ነው! ዘበኛ ቀጥሮ ቁልፉን ከበሩ ላይ እንደማንጠልጠል። አደጋው ስለከፋ አፕዴቱ በግዴታ ወደ ድረ ገጾቹ ተላከ።

እዚህ ላይ ፈሪው አንባቢ «አየህ? አፕዴቱም አያስተማምንም» ይለኛል። ልክ ነው። እንዲያውም የባሰውን ልንገራችሁ። በሰኔ 2024 የጥቂት ፕለጊኖች ሠሪዎች አካውንት ተሰብሮ፣ መርዝ ያለበት ኮድ በራሱ በአፕዴቱ ውስጥ ተላከ። አፕዴት ያደረገ ሰው ሌባውን በእጁ አስገባ። መንስኤው ሠሪዎቹ ሌላ ቦታ የሾለከ የይለፍ ቃላቸውን እዚያም ስለተጠቀሙበት ነው። ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ፕለጊንና ቴም (የብሎጉን መልክ የሚወስነው) የሚያወጡ ሁሉ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ እንዲያበሩ ግዴታ ሆኗል።

ሂሳቡን ስናወራርደው ግን አፕዴት ሆኖ የመጣ መርዝ በጣት የሚቆጠር ነው። ባልተደፈነ አሮጌ ቀዳዳ የሚገባው በየቀኑ ነው። እኔ ከዚህ የማወጣው ትምህርት አፕዴቱን መተው ሳይሆን ፕለጊኑን መቀነስ ነው። የተሰበረው ብሎጌ ላይ 23 ፕለጊኖች ነበሩ። አሁን 6 ናቸው። አንዱ የበረዶ ቅንጣት የሚያዘንብ ነበር። ለገና ብዬ ጭኜው ረስቼዋለሁ። አዲስ አበባ ላይ በረዶ!

ደግሞ አንድ ስህተት አለ፤ ሁላችንም የምንሠራው። ፕለጊኑን «አጥፍቼዋለሁ» ብለን እንተዋለን። ማጥፋት ሌላ፣ መሰረዝ ሌላ። የጠፋ ፕለጊን ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ አለ። አንዳንዱ ቀዳዳ ፕለጊኑ ጠፍቶም ይሠራል። የማትጠቀሙበትን ሰርዙት።

ነጩ ገጽ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልመለስ። አፕዴት አድርገን የሚበላሸው ለምንድነው?

አማርኛ ብሎጎች ላይ በተደጋጋሚ ያየሁት ምክንያት ይሄ ነው። ሰው ቴሙን ይጭናል። አማርኛው ያስጠላዋል። ፊደሉ ጠባብ ነው፣ መስመሩ ይነካካል። ስለዚህ የቴሙን ፋይል ከፍቶ የፎንት ኮድ ይጨምርበታል። ያምራል። ከስድስት ወር በኋላ ቴሙ አፕዴት ሲደረግ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል። የጨመረው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ሰውየው «አፕዴቱ አበላሸብኝ» ይላል። አላበላሸበትም። በተከራየው ቤት ግድግዳ ላይ የቀባው ቀለም ነው፣ ባለቤቱ ሲያድስ የተሸፈነበት።

መፍትሔው አርጅቷል። ከ4.7 ስሪት ጀምሮ ዎርድፕሬስ ውስጥ ተጨማሪ ሲኤስኤስ፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስን ኮድ፣ የሚጻፍበት ቦታ አለ። እዚያ የተጻፈ ነገር ቴሙ አፕዴት ሲደረግ አይነካም። ከዚያ በላይ ለመቀየር የሚፈልግ «ቻይልድ ቴም» ይሥራ። የቴም ልጅ ማለት ነው፤ ከአባቱ ይወርሳል፣ የራሱንም ይጨምራል። አባቱ ቢታደስም የልጁ ንብረት የልጁ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሰርቨሩ እርጅና ነው። ዎርድፕሬስ ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው የተጻፈው። ርካሽ ሆስቲንግ (ሰርቨር የሚያከራይ አገልግሎት) ላይ ያለ ብሎግ ብዙ ጊዜ ከዓመታት በፊት ድጋፉ በቆመ ፒኤችፒ ላይ ይሠራል። አዲሱ ፕለጊን አሮጌውን ፒኤችፒ አይችለውም። ነጩ ገጽ ይመጣል። የፒኤችፒው ስሪት ከሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ላይ በሁለት ጠቅታ ይቀየራል፤ ችግሩ ግን ማንም ሰው እዚያ አይገባም።

ሦስተኛው የሚያሳፍር ስለሆነ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናውራው። ክራክድ ቴም። በዶላር የሚሸጠውን ቴም በነፃ ከቴሌግራም ቻናል አውርዶ መጫን። ለምን እንደሚደረግ ይገባኛል። ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይምጣ? በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የአንድ ቴም ዋጋ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ግን እንዲህ ያለው ቴም ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ፈቃድ ስለሌለው አፕዴት አይመጣለትም፤ ቀዳዳው ዘላለም ክፍት ነው። ሁለተኛ፣ ሰብሮ የሚያድለው ሰው ጽድቅ ፈልጎ አይደለም የሚያድለው። ብዙ ጊዜ የኋላ በር አስገብቶበት ነው። ነፃ የሆኑ፣ ከዎርድፕሬስ ራሱ የሚወርዱ፣ አፕዴት የሚደረጉ ቴሞች በሺዎች ሞልተዋል። ያን ያህል ላያምሩ ይችላሉ። ከነገሩ ጦም እደሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

የዎርድፕሬስ ሠሪዎችም ስለ ነጩ ገጽ ዝም አላሉም። ከ5.5 ስሪት ጀምሮ ፕለጊኖች ራሳቸው በራሳቸው አፕዴት እንዲሆኑ ማድረግ ይቻላል። በሐምሌ 2024 የወጣው 6.6 ደግሞ ፕለጊኑ በራሱ አፕዴት ሆኖ ድረ ገጹን ከጣለው፣ ወደ ቀድሞው ስሪት ራሱ ይመልሰዋል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የደረሰብንን እያሰብን ዛሬ የምንፈራ ሰዎች፣ የምንፈራው ነገር በከፊል እንደተስተካከለ አናውቅም። ምክንያቱም አፕዴት አናደርግም! (በነገራችን ላይ ትላልቆቹ ስሪቶች የሚሰየሙት በጃዝ ሙዚቀኞች ነው። 6.6 ዶርሲ ነው፣ 6.7 ሮሊንስ። «ሙላቱ» የሚል ባይ ደስ ይለኛል።)

ባክአፕ ነው መፍራት የነበረብን

የተሳሳተውን ነገር እንፈራለን ያልኩት እዚህ ጋ ነው። የሚያስፈራው አፕዴት ማድረግ አይደለም። ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ ሳይኖር አፕዴት ማድረግ ነው የሚያስፈራው፤ አለማድረግም እንዲሁ። ባክአፕ የሌለው ሰው ቢነካም ይፈራል፣ ባይነካም መፍራት አለበት።

«ባክአፕ አለኝ» የሚሉ ሰዎችን ምን እንዳላቸው ጠይቄያለሁ። አንዳንዶቹ ያላቸው ከዎርድፕሬስ ውስጥ ኤክስፖርት ብለው ያወረዱት ፋይል ነው። ያ ፋይል ጽሑፉን ይይዛል። ፎቶዎቹን አይዝም፤ የፎቶዎቹን አድራሻ ብቻ ነው የሚይዘው። ሰርቨሩ ከጠፋ አድራሻው የሚመራው ወደ ባዶ ቦታ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ፕለጊን ጭነው ባክአፑን የሚያስቀምጡት እዚያው ሰርቨር ላይ ነው። ቤት ሲቃጠል ካዝናውም ቤት ውስጥ ነው።

እኔ አሁን የማደርገው ቀላል ነው። አፕድራፍትፕላስ የሚባለው ነፃ ፕለጊን በየሳምንቱ ሙሉውን፣ ማለትም ጽሑፎቹ ያሉበትን ዳታቤዝም ፋይሎቹንም፣ ወደ ጉግል ድራይቭ ይልካል። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ቡና ሲፈላ፣ እኔ ራሴ አንድ ቅጂ አውርጄ ላፕቶፔ ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ አፕዴት አደርጋለሁ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልጫንም፤ አንዱ ካጣላኝ የትኛው እንደሆነ እንዳውቅ። ከእያንዳንዱ በኋላ ብሎጉን በሌላ ብራውዘር፣ ሳልገባ፣ እንደ አንባቢ ሆኜ አያለሁ። ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ ያልቃል።

በዓመት አንዴ ደግሞ ባክአፑን ላፕቶፔ ላይ መልሼ እዘረጋዋለሁ፤ ይሠራ እንደሆነ ለማየት። ይሄን የማደርገው ጥንቁቅ ስለሆንኩ አይደለም። በተሰበርኩ ጊዜ የነበረኝ ብቸኛ ባክአፕ ሲከፈት አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ስላገኘሁት ነው። አንድ መስመር ሙሉ ጥያቄ ምልክት። የዳታቤዙ የፊደል አቀማመጥ አማርኛ በማይችል ዓይነት ተቀይሮ ነበር የተቀዳው። ፊደሉ አንዴ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተቀመጠ አይመለስም። ሆስቲንግ የምትቀይሩ ሰዎች ይህን በተለይ አስታውሱ። አዲሱ ቦታ ላይ አማርኛው በትክክል መነበቡን ሳታዩ አሮጌውን አትሰርዙ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

በዚህ ሰበብ ከጠፉብኝ 31 ጽሑፎች 28ቱን የድረ ገጾችን የቆየ ቅጂ በሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ አገኘኋቸው። ሦስቱ የሉም።

ሕይወትን የሚቆርጥ አድራሻ

ፊደላችን ከድረ ገጽ ጋር የተስማማው በቅርቡ ነው። ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደልን ያካተተው በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ ድረ ገጽ ላይ የሚወጣው በፒዲኤፍ ወይም በፎቶ ነበር። ወይም አንባቢው አንድ የተለየ ፎንት ካልጫነ የማይነበብ ነገር ነበር። ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ስልክ አማርኛን ያለ ምንም ጭነት ያነባል። ስለዚህ ለውበት ብሎ ከባድ ፎንት መጨመር አንባቢውን ዳታ ማስከፈል ነው። ካስፈለገም አንድ ብቻ፣ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ፣ በተጨመቀ መልክ ይበቃል። ከፎንቱ ይልቅ የመስመሩን ክፍተት ሰፋ አድርጉት። ፊደላችን ቁመተ ረጅም ነው፤ ለላቲን የተለካው ክፍተት ያፍነዋል። ኢታሊክንም ተዉት። የእኛ ፊደል ኢታሊክ የለውም። ብራውዘሩ በግድ ያጋድለዋል፤ የሰከረ ይመስላል።

የበለጠ የሚገርመኝ ግን የአድራሻው ነገር ነው። ርዕሳችሁን በአማርኛ ስትጽፉ ዎርድፕሬስ የጽሑፉን አድራሻ ከርዕሱ ይሠራል። ብራውዘሩ ላይ አማርኛ ሆኖ ይታያል። ከውስጥ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ነው። እያንዳንዱ ባይት ደግሞ በመቶኛ ምልክትና በሁለት ቁምፊ ይጻፋል። አንድ ፊደል ዘጠኝ ቁምፊ ሆነ ማለት ነው። ዎርድፕሬስ ለአድራሻው የሚሰጠው ቦታ 200 ቁምፊ ነው። ሲካፈል 22 ፊደል ገደማ።

አንድ ርዕስ እንሞክር። «የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማትና የነዋሪው ሕይወት»። 25 ፊደል። ቁጠሩት፤ «የነዋሪው» ላይ ሲደርስ በሰረዞቹ ጭምር 193 ሆኗል። ቀጣዩ ፊደል አይገባም። አድራሻው እዚያ ይቆማል። «ሕይወት» ተቆረጠች። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ግን ሳቅ አይጠፋም።

ከሁሉ የሚከፋው ይህ አድራሻ ሲላክ ነው። ኮፒ ተደርጎ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ያ የመቶኛ ምልክት ሰልፍ ነው። የማያውቅ ሰው ቫይረስ መስሎት አይከፍተውም። እኔ ርዕሱን በአማርኛ ትቼ አድራሻውን ብቻ በላቲን ፊደል፣ በሦስት ወይም በአራት ቃል እጽፋለሁ። የአማርኛ ወገንተኛ ወዳጆቼ ይቆጡኛል። ይቆጡ። የቆየ ጽሑፍ አድራሻ ቢቀየርም ዎርድፕሬስ አሮጌውን ሊንክ ወደ አዲሱ ያዞራል።

ሌላው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈን ሰው፣ «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ የብሎጉ መፈለጊያ ላይ አያገኘውም። ለኮምፒዩተሩ ሁለቱ ምንም ዝምድና የላቸውም። አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ ጽኑ፤ ሌላውንም ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ጣል አድርጉት። ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉን።

ፎቶ ላይ አልቆይም። ከስልክ የወጣ ፎቶ አራት አምስት ሜጋባይት ነው። ወርዱን ወደ 1200 ፒክሰል አውርዱት። ከ5.5 ወዲህ ያለው ዎርድፕሬስ ፎቶውን አንባቢው እዚያ ሲደርስ ብቻ እንዲወርድ ያደርጋል፤ ከ5.8 ወዲህ ያለው ዌብፒ የሚባለውን ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት ይቀበላል። ያለ ምንም ድካም፣ በአፕዴት ብቻ የሚገኝ ነገር ነው።

ቤቱ የማን ነው?

አፕዴቱ ከየት እንደሚመጣ ብዙ ሰው አይጠይቅም። እኔም አልጠይቅም ነበር፤ እስከ መስከረም 2024። የዎርድፕሬስ መሥራቹ ማት ሙለንዌግ ደብሊውፒ ኤንጂን ከሚባል ትልቅ የሆስቲንግ ኩባንያ ጋር ተጣላ። ብዙ ይጠቀማሉ፣ መልሰው አይሰጡም የሚል ነው ክሱ። ጠቡ በቃል አልቀረም። አፕዴት የሚወርድበትን ዋናውን ሰርቨር ዘጋባቸው። በጠቡ ውስጥ የሌሉበት፣ ኩባንያው ላይ ብሎጋቸውን ያስቀመጡ ሰዎች አንድ ቀን ተነሥተው አፕዴት ማውረድ አልቻሉም። በጥቅምት ደግሞ የኩባንያው የሆነ፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች ላይ ያለ ፕለጊን በዎርድፕሬስ ሰዎች ተወስዶ በሌላ ስም ወጣ። በታኅሣሥ የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት የተዘጋው እንዲከፈት አዘዘ። ሶፍትዌሩ የሁሉም ነው፤ ቧንቧው ግን ባለቤት አለው። ይህን ያወቅነው ያኔ ነው።

ታዲያ በነፃ የሚሰጠውና ስለ አፕዴት የማያስጨንቀው የጉግል ብሎገር አይሻልም? ለብዙ ሰው ይሻላል። እውነቴን ነው። በዓመት አምስት ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ብሎገር ይበቃዋል። ጉግል ራሱ ይጠብቀዋል። ግን በሰው ቤት መኖርን ያልቀመሰ የለም። በ2006 ኢትዮጵያ ውስጥ ብሎግስፖት (የብሎገር ብሎጎች አድራሻ ነው) በሙሉ ሲዘጋ ስለ ፖለቲካ የጻፈውም ስለ ምግብ አሠራር የጻፈውም አብረው ተዘጉ። አንድ ጣሪያ ስለነበረ። ከዓመታት በኋላ የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንም ገጻቸው እየተዘጋባቸው ሌላ እየከፈቱ ነበር የሚጽፉት። በሰኔ 2018 መንግሥት 264 ድረ ገጾችንና ብሎጎችን መክፈቱን አስታወቀ። በርካታዎቹን ግን ባለቤቶቻቸው ትተዋቸው ነበር።

ታይፕፓድን ደግሞ ተመልከቱ። ከ2003 ጀምሮ ሰው እየከፈለ የሚጽፍበት አገልግሎት ነበር። በነሐሴ 2025 መጨረሻ ልንዘጋ ነው አለ። በመስከረም 30 ዘጋ። ሃያ ዓመት የጻፈ ሰው ዕቃውን የሚያወጣበት አንድ ወር ነበረው።

ፌስቡክና ቴሌግራም ይበቃኛል የሚለውን ሰው አልከራከረውም። አንባቢው እዚያ ነው። ግን ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2023 ኢትዮጵያ ውስጥ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብለው ነበር። አምስት ወር ነው። እዚያ ላይ ብቻ የጻፈ ሰው ከአገር ቤት አንባቢው ጋር የነበረው ገመድ ቀጠነ።

ስለዚህ እኔ ዋናውን ብሎጌ ላይ እጽፋለሁ፤ ቴሌግራም ላይ ሊንኩንና ሁለት አንቀጽ አደርጋለሁ። ብሎገርንም ዎርድፕሬስንም ብትመርጡ ግን አንድ ነገር የራሳችሁ ይሁን፦ ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ የአድራሻ ስም። የራሱ ዶሜይን ያለው ሰው ሆስቲንጉን ቢቀይር፣ ከብሎገር ወደ ዎርድፕሬስ ቢሄድ፣ አንባቢው አያውቅም። አድራሻው ያው ነው።

የእኛ ዶሜይኖች ግን አብዛኞቹ በእኛ ስም አይደሉም። አሜሪካ ያለ ወንድም፣ ዱባይ ያለች እኅት፣ ወይም ብሎጉን የሠራልን ልጅ በካርዱ ከፍሎ በስሙ ነው ያስመዘገበው። ማሳሰቢያው የሚሄደው ወደ እሱ ኢሜይል ነው። እሱ ደግሞ ያንን ኢሜይል አይከፍትም። ካርዱ ጊዜው ያልፋል፣ ክፍያው ይመለሳል፣ ዶሜይኑ የእፎይታ ጊዜውን ጨርሶ ለሌላ ይሸጣል። የማውቀው አንድ የግጥም ብሎግ ዛሬ የቁማር ማስታወቂያ ነው። ማንም አልሰበረውም። ሁሉም ፕለጊኑ አፕዴት ነበር።

ከፋዩ ሌላ ቢሆንም መዝገቡ ላይ ስሙና ኢሜይሉ የእናንተ ይሁን። የሚያልቅበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ከወር በፊት እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ። የሚከፍልላችሁ ሰው ካለ ለሦስት ለአራት ዓመት አንድ ጊዜ አስከፍሉት፤ ከየዓመቱ ልመና ትገላገላላችሁ።

የእኔ መስከረም ላይ ያልቃል። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ባለፈው ሰሞን ባንክ ቀይሬያለሁ ሲል ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።